ነቀርሳ የሰውነታችንን ዘበኛ እንዴት ያታልላል?

ባለፈው ዓመት አክስቴ በጡት ነቀርሳ ምክንያት ከዚህ ዓለም በሞት ተለየች። ከለቅሶው በኋላ የሥነ ሕይወት መምህራችንን፣ «ሰውነቷ በሽታን የሚከላከል ሠራዊት እያለው ስለምን አልተዋጋላትም?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እርሳቸውም «መርምርና ለጓደኞችህ ጻፍላቸው» አሉኝ። ይህ ጽሑፍ የዚያ ትእዛዝ ፍሬ ነው።

ከነጭ የደም ሕዋሳት መካከል ቲ ሴል የተባሉት እንደ ዘበኛ በአካላችን ውስጥ እየዞሩ ሕዋሳትን ይመረምራሉ። እያንዳንዱ ሕዋስ በውስጡ ከሚሠራው ፕሮቲን ቁራጭ ቁራጩን በገላው ላይ አውጥቶ ያሳያል። ዘበኛው ባዕድ ነገር ያየ እንደ ሆነ ሕዋሱን ይገድለዋል። የነቀርሳ ሕዋስ ግን ከውጭ የመጣ ጠላት ሳይሆን ከራሳችን ተወልዶ ያለ ልክ የሚራባ ነውና ለመለየት ያስቸግራል።

ተለይቶ በታወቀ ጊዜም የሚያመልጥባቸው ልዩ ልዩ ዘዴዎች አሉት። አንደኛ፣ ማሳያ ቁራጩን ከገላው ላይ አንሥቶ ይሰወራል። ሁለተኛ፣ ዘበኛውን የሚያደክሙ ቅመሞች በአካባቢው ይረጫል፤ እንዲሁም የሠራዊቱን ቍጣ ማብረድ ሥራቸው የሆነውን ሌሎች ቲ ሴሎች ወደ ራሱ ይስባል። ሦስተኛው ግን እጅግ የሚያስደንቅ ነው። ዘበኛው ጤነኛውን አካል እንዳይጎዳ በገላው ላይ ፒ.ዲ. 1 የሚባል ልጓም አለው። የነቀርሳው ሕዋስ ፒ.ዲ.ኤል. 1 የተባለ ፕሮቲን አውጥቶ ይህን ልጓም ሲይዝበት፣ ዘበኛው ጠላቱ በፊቱ ሳለ እጁን አጣጥፎ ይቆማል።

ፒ.ዲ. 1ን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1992 ዓ.ም. ያገኙት በጃፓን አገር በኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ታሱኩ ሆንጆና ረዳቶቻቸው ናቸው። አሜሪካዊው ጄምስ አሊሰን ደግሞ ሲ.ቲ.ኤል.ኤ. 4 የተባለው ሌላው ልጓም ሲታገድ በአይጦች ላይ የነበረው ነቀርሳ እንደሚጠፋ በ1996 ገለጹ። በዚህ መንገድ የተሠራው መድኃኒት በ2011 ሜላኖማ ለተባለው የቆዳ ነቀርሳ በአሜሪካ ተፈቀደ። ሁለቱም ሊቃውንት በ2018 የኖቤልን ሽልማት ተካፈሉ።

ይሁን እንጂ እንዲህ ያለው መድኃኒት ሁሉን በሽተኛ አያድንም። ልጓሙ የተፈታለት ዘበኛም አንዳንድ ጊዜ የገዛ ራሳችንን አንጀት፣ ሳንባ ወይም ጉበት ያጠቃል።

አሁን ለጥያቄዬ መልስ አግኝቻለሁ፤ የአክስቴ ሠራዊት ሰነፍ አልነበረም፤ ተታልሎ ነው እንጂ። ነገር ግን አንድ ነገር ያሳዝነኛል። በጡቷ ላይ ያገኘችውን እብጠት በይሉኝታ ከአንድ ዓመት በላይ ሸሽጋው ነበር። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይላሉ። ስለዚህ እናቶቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፤ እንዲህ ያለ ነገር ያያችሁ እንደ ሆነ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ሐኪም ሂዱ።