የተሳቢ ጎማ ቶሎ ቢያልቅ ጥፋቱ የማን ነው?

ከተማችን ደብረ ታቦር የመንኰራኵርን ነገር ከጥንት ጀምሮ ታውቃለች። ዐፄ ቴዎድሮስ በአጠገባችን በጋፋት ያሠሩት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ሰባት ቶን ያህል የሚመዝን ሲሆን፥ በ1860 ዓ.ም. በመንኰራኵር ላይ ሆኖ እስከ መቅደላ በሰው ጉልበት ተጐትቷል። ለዚሁም ንጉሠ ነገሥቱ አስቀድመው መንገድ ያስጠርጉ ነበር። ከባድ ጭነት መንኰራኵር ስላለው ብቻ አይሄድምና፥ እኛም ዛሬ በተሳቢ ድንችና ድንጋይ ስንጭን ይህን ልናስብ ይገባል።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ በአጎቴ ላይ የደረሰው ነገር ነው። አጎቴ ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢ አለው። ባለፈው ዓመት ለልጆቹ ልብስ ባስቀመጠው ገንዘብ ሁለት አዳዲስ ጎማዎች ቢገዛ በጥቂት ወራት ውስጥ አለቁበት። «ነጋዴው አታለለኝ» ብሎም ከሻጩ ጋር ክፉ ቃል ተነጋገረ። እኔ ግን ጎማዎቹን ሳገላብጥ ሁለቱም የተበሉት በውስጥ በኩል ባለው ጠርዝ ብቻ መሆኑን ተመለከትሁ።

ውድ አንባብያን ሆይ፥ ጎማ አበላሉ ሕመሙን ይናገራል። መካከሉ ብቻ ያለቀ ጎማ አየር የበዛበት ነው። ሁለቱ ጠርዞች አልቀው መካከሉ ደኅና ከሆነ፥ አየሩ አንሷል ወይም ጭነቱ በዝቷል። እዚህም እዚያም ጎድጎድ እያለ ከተበላ ኩሽኔታው ሳይላላ አልቀረም። አንድ ጠርዝ ብቻ ሲበላ ግን ጎማው ቀጥ ብሎ አልቆመምና አክስሉን መመርመር ያሻል።

ስለዚህ ባዶውን ተሳቢ በደልዳላ ስፍራ አቁመን፥ ግንበኞች የሚጠቀሙበትን ቱንቢ ከጎማው አጠገብ አንጠለጠልን። ከክሩ እስከ ቸርኬው ያለውን ርቀት ከላይና ከታች ብንለካ የላይኛው በአንድ ጣት በለጠ። በሌላውም በኩል እንዲሁ ሆነ። አክስሉ ከድንጋይ ጭነት ብዛት የተነሣ ጐብጦ፥ ጎማዎቹ በአናታቸው ወደ ውስጥ ዘንበል ብለው ኖሯል። እንዲህ ባለ አክስል ላይ አዲስ ጎማ መግጠም ገንዘብን በሜዳ መበተን ነው።

ኩሽኔታውን ለመመርመር ደግሞ በሌላው ጎማ ፊትና ኋላ ድንጋይ አስደግፎ፥ ተሳቢውን በክሪክ ማንሣትና ከሥሩ ጠንካራ መደገፊያ ማድረግ ነው። በክሪክ ብቻ ታምኖ ከሥር መግባት ነፍስን ያስከፍላል። ከዚያ ጎማውን ከላይና ከታች ይዞ መነቅነቅ ነው፤ ከተንቀጫቀጨ ኩሽኔታው ላልቷል። ሲሽከረከር ቢያጕረመርም ግራሶው ደርቋል ወይም ኩሽኔታው ተበልቷል።

በፊዚክስ የተማርነውም እዚህ ላይ ይረዳናል። ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ ስንወርድ ከፍታው ወደ 900 ሜትር ያህል ይቀንሳል። አንድ ቶን ጭነት ይህን ሲወርድ 9 ሚሊዮን ጁል ያህል ጉልበት ይለቃል፤ አብዛኛውም በፍሬን፥ በጎማና በኩሽኔታ ሙቀት ይሆናል። ስለዚህ ወረታ ሲደረስ እጅን ሳያስነኩ ወደ ሁለቱ ጎማዎች እምብርት አቅርቦ ሙቀታቸውን ማነጻጸር ይበጃል። አንዱ ከሌላው አብልጦ ከጋለ ኩሽኔታው ታሟል ወይም ፍሬኑ ይዟል። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፥ ያን ጊዜ መቆም ነው። የጎማ አየር ግን የሚለካው ጠዋት ከጕዞ በፊት ነው፤ የጋለ ጎማ ከልኩ በላይ ያሳያልና።

አጎቴ አክስሉን አስለወጠ፤ ጭነቱንም ቀነሰ። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ወደ ጎማ ሻጩ ሄዶ፥ «ጥፋቱ የእኔ ነበር» ብሎ ይቅርታ ሲጠይቀው አብሬው ነበርሁ።