ቃልን ከቃል አጋጥሞ ስለ መፈለግ

በዛሬው ዘመን ብዙ ጽሑፍ በኮምፒዩተር የመረጃ ቋት ተከማችቶ ይገኛል። ፈላጊው ቃል ሲሰጠው፥ ቋቱ ያን ቃል የያዘውን ጽሑፍ ያወጣለታል። ነገር ግን ቋቱ የተሰጠውን ፊደል ያያል እንጂ የፈላጊውን አሳብ አያውቅም፤ ስለዚህ አጠያየቁን መማር ይገባል።

ለምሳሌ ፒያሳ ማለት በኢጣልያ ቋንቋ አደባባይ ማለት ነው። በጐንደር ከፋሲል ግንብ አጠገብ ያለው፥ ኢጣልያኖች ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. በነበሩበት ጊዜ የሠሩት ሰፈር በዚህ ስም ይጠራል፤ በአዲስ አበባም ፒያሳ አለ። እንግዲህ «ፒያሳ» ብቻ ብሎ የጠየቀ ሰው የሁለቱ ከተሞች ነገር ተቀላቅሎ ይመጣበታል።

ቃላትን የሚያጋጥሙት ሦስት ናቸው፤ ምልክታቸው ግን በየቋቱ ይለያያል። መሠረቱም እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ጆርጅ ቡል በአውሮፓ አቆጣጠር በ1847 እና በ1854 ባሳተማቸው መጻሕፍት የገለጠው ሥርዓት ነው።

አንደኛው «እና» ነው። «ፒያሳ እና ጐንደር» ቢሉ ሁለቱንም ቃል የያዘው ብቻ ይወጣል፤ መልሱም ይጠብባል።

ሁለተኛው «ወይም» ነው፤ ይህ መልሱን ያሰፋል። «ጐንደር» እና «ጎንደር» ለእኛ አንድ አገር ናቸው፤ ለኮምፒዩተር ግን «ጐ» እና «ጎ» ልዩ ልዩ ፊደላት ናቸውና «ጐንደር ወይም ጎንደር» ማለት ያሻል። ካልተማረ በቀር «በጐንደር» እና «የጐንደር» የሚሉትንም እንደ ሌላ ቃል ይቈጥራቸዋል።

ሦስተኛው «አይደለም» ነው። «አዲስ አበባ» ያለበትን ሁሉ አስወጣ ቢሉት፥ ሁለቱን ፒያሳዎች የሚያነጻጽረው መልካም ጽሑፍም አብሮ ይቀራል፤ ስለዚህ በጥንቃቄ ይሠራበት።

ደግሞም ብዙዎቹ ቋቶች «እና»ን ከ«ወይም» አስቀድመው ይፈጽማሉ። «ጐንደር ወይም ጎንደር እና ፒያሳ» ቢባል፥ ፒያሳን ባያነሣም «ጐንደር» ያለበት ሁሉ ይመጣል። «(ጐንደር ወይም ጎንደር) እና ፒያሳ» ብሎ በቅንፍ መለየት ይገባል።

ለመልመጃ መምህሩ «ዐፄ ፋሲል» ብሎ በሰሌዳ ይጻፍ፤ ተማሪዎችም ዐፄ፥ ዓፄ፥ አፄ፥ አጼ እያሉ አጻጻፉን ይቍጠሩ፤ በ«ወይም»ም ያያይዙት። ተማሪውም «አልተገኘም» ቢል «በምን ቃል ጠየቅህ?» ይባል። ያልተገኘ ሁሉ የሌለ አይደለምና፥ በአንድ ፊደል ምክንያት የአባቶችን ሥራ የለም ብሎ መመስከር ታላቅ ጉዳት ነው።