የጕልበት መጻሕፍትን የሰበሰቡ ሰዎች

ልጆች ሆይ፤ የሰው ጕልበት እንደ ክረምት ወንዝ ነው፤ በወጣትነት ጊዜ ሞልቶ ይወርዳል፤ በእርጅና ጊዜ ግን ይጐድላል። ነገር ግን ብርቱ ሰው ጕልበቱን በምን እንዳገኘው ጽፎ የተወ እንደ ሆነ፥ ክንዱ ቢደክምም ትምህርቱ አይደክምም። ዛሬ የምናነበው እንደዚህ ያሉትን ጽሑፎች ከመጥፋት ስላዳኑ ሰዎች ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ሰውነትን ስለ ማጠንከር የሚናገሩ መጻሕፍት ከብዙ ዘመን ጀምሮ ተጽፈዋል። ጂሮላሞ መርኩሪያሌ የሚባል የኢጣልያ ሐኪም የጥንት ግሪኮችና ሮማውያን ሰውነታቸውን እንዴት ያሠለጥኑ እንደ ነበር መርምሮ አንድ ታላቅ መጽሐፍ በ1569 ዓ.ም. በቬኒስ ከተማ አሳተመ። በ1793 ዓ.ም. ደግሞ ጉትስሙትስ የሚባል የጀርመን አስተማሪ ለወጣቶች የሚሆን የጅምናስቲክ መጽሐፍ አወጣ።

ከዚያ በኋላ መቶ ዓመት ያህል ቈይቶ ኦይገን ሳንዶ የሚባል ብርቱ ሰው ተነሣ። ይህ ሰው በ1867 ዓ.ም. በፕሩስያ አገር በኮኒግስበርግ ከተማ የተወለደ ነው። ከባድ ብረት እያነሣ በአደባባይ ትርዒት ያሳይ ነበር። በ1897 ዓ.ም. ጕልበት እንዴት እንደሚገኝ የሚያስረዳ መጽሐፍ አሳተመ፤ በ1898 ዓ.ም. ደግሞ በእንግሊዝ አገር መጽሔት ማውጣት ጀመረ። በአሜሪካም በርናር ማክፋደን በ1899 ዓ.ም. ሌላ መጽሔት አቋቋመ።

በፊላደልፍያ ከተማ የነበረው አለን ካልቨርት ግን ሌላ ነገር አሰበ። በ1902 ዓ.ም. ክብደቱ ጥቂት በጥቂት የሚጨመርበትን የብረት ዘንግ ሠርቶ መሸጥ ጀመረ፤ ድርጅቱንም በጥንቱ የግሪክ ታጋይ በሚሎ ስም ጠራው። ስለ ሚሎ እንዲህ ተብሎ ይተረካል፦ አንድ ጥጃ በየቀኑ ይሸከም ነበር፤ ጥጃው እያደገ ሲሄድ የሚሎም ጕልበት አብሮ አደገ፤ በመጨረሻም በሬውን ተሸከመው ይባላል። ታሪኩ ተረት ቢሆንም ትምህርቱ እውነተኛ ነው፤ ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው ነው። ካልቨርት ይህን ትምህርት የሚያስፋፋ መጽሔት ከ1914 ዓ.ም. ጀምሮ አወጣ።

እንግዲህ እነዚህ መጽሔቶች በብዙ ሺህ የታተሙ ሲሆኑ፥ ዛሬ ስለ ምን ብርቅ ሆኑ? ምክንያቱ ሁለት ነው። አንደኛው፥ ዋጋቸው ርካሽ ስለ ነበረ ሰው ሁሉ አንብቦ ይጥላቸው ነበር፤ ሊቃውንትም ይንቋቸው ስለ ነበር ብዙዎች ቤተ መጻሕፍት አላስቀመጧቸውም። ሁለተኛው፥ የታተሙበት ወረቀት ከእንጨት ፍጭ የተሠራ ርካሽ ወረቀት ነው። በእንደዚህ ያለው ወረቀት ውስጥ አሲድ አለበት፤ ዘመን ሲያልፍ ብጫ ይሆናል፤ ከዚያም እንደ ደረቅ ቅጠል ይሰባበራል። በአገራችን በብራና ላይ የተጻፉት መጻሕፍት በማኅደር ተጠብቀው ብዙ መቶ ዓመት ሲኖሩ፥ ይህ ወረቀት አንድ መቶ ዓመት እንኳ በጤና አይቈይም።

የተናቀ ወረቀት ግን አንዳንድ ጊዜ ታላቅ ነገር ይወልዳል። በአሜሪካ ቶማስ ደሎርም የሚባል ልጅ ነበረ። በወጣትነቱ በብርቱ ሕመም ተይዞ ብዙ ጊዜ ተኛ። ተኝቶም ሳለ ስለ ክብደት ማንሣት የሚናገር መጽሔት አነበበ፤ ከሕመሙም በተነሣ ጊዜ ያነበበውን በሥራ ላይ አዋለው፤ ብርቱም ሆነ። ቈይቶም የሕክምና ትምህርት ተምሮ ሐኪም ሆነ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጕልበታቸው የተጐዳ ብዙ ወታደሮች በሆስፒታል ተኝተው ነበር። በዚያን ዘመን ለእንደዚህ ያሉት ሕሙማን የሚታዘዘው ቀላል እንቅስቃሴ ብቻ ነበር፤ እግራቸውም ቶሎ አይጠናም ነበር። ደሎርም ግን በልጅነቱ ያነበበውን አስታውሶ፥ ከባድ ብረት በመጠን እየጨመረ በእግራቸው እንዲያነሡ አደረጋቸው። ወታደሮቹም ከቀድሞው ይልቅ ፈጥነው በረቱ። የሥራውንም ውጤት በ1945 ዓ.ም. ጽፎ አወጣ፤ ዛሬም በዓለም ሁሉ የሚሠሩ የአካል ሕክምና ባለሙያዎች ይህን መንገድ ይከተላሉ። አስተውሉ፤ ያ መጽሔት ለእርሱ ባይደርስ ኖሮ ይህ አሳብ ከወዴት ይመጣለት ነበር?

አሁን ወደ ሰብሳቢዎቹ እንመለስ። ኦትሊ ኩልተር የሚባል በሰርከስ ጕልበቱን እያሳየ ይኖር የነበረ አሜሪካዊ፥ ሌሎች የሚጥሉትን እርሱ ያነሣ ነበር። መጽሐፍም፥ መጽሔትም፥ ፎቶግራፍም፥ የትርዒት ማስታወቂያም ቢሆን አይንቅም ነበር። ሀብታም አልነበረም፤ ነገር ግን ሳያቋርጥ ብዙ አሥር ዓመታት ሰበሰበ። በሸመገለም ጊዜ ቴሪ ቶድ የሚባል ክብደት አንሺ ተማሪ ስለ ጥናቱ ሊጠይቀው መጣ። ቶድ በ1966 ዓ.ም. የዶክተርነት ማዕረግ ያገኘው በዚሁ በክብደት ማንሣት ታሪክ ላይ ጽፎ ነው።

ኩልተር ካረፈ በኋላ ቶድና ባለቤቱ ጃን ቶድ ስብስቡን ገዙት። ጃን ቶድም ራስዋ በዘመንዋ ከነበሩት ሴቶች ሁሉ እጅግ ብርቱ ከሚባሉት አንዲቱ ነበረች። ሁለቱ ስብስባቸውን በ1983 ዓ.ም. በአውስቲን ከተማ ወዳለው ወደ ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ይዘውት ሄዱ። ቴሪ ቶድ በ2018 ዓ.ም. ቢያርፍም፥ መጻሕፍቱ በስታርክ ስም በሚጠራው ማዕከል ተቀምጠዋል። ስታርክ በተማሪነቱ ወፍራም የነበረ፥ በ1913 ዓ.ም. ወደ አለን ካልቨርት ሄዶ ተምሮ ሰውነቱን ያስተካከለ ሰው ነው። አንድ ሰው በአንድ ቀን ይህን ሁሉ ሊሰበስብ አይችልም፤ ነገር ግን ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ አንድ አንድ ወረቀት ተሰብስቦ ታላቅ ቤተ መጻሕፍት ሆነ።

ልጆች ሆይ፤ አሮጌ መጽሐፍ ሁሉ እውነት ይናገራል ብላችሁ ግን አታስቡ። ከእነዚያ መጽሔቶች ብዙዎቹ ዕቃ ለመሸጥ የተጻፉ ስለ ሆኑ፥ የብርቱዎችን ጕልበት አግንነው ይናገራሉ። ማክፋደንም ጾም በሽታን ሁሉ ይፈውሳል እያለ ሐኪሞችን ይነቅፍ ነበር፤ ይህም ስሕተት ነው። ስለዚህ ጥሩ ሰብሳቢ አንዱን ከሌላው ጋራ ያስተያያል፤ ስሕተቱንም አይቀድደውም። ስሕተት የተጻፈበት ወረቀት ቢጠፋ፥ የኋላ ሰዎች ያንኑ ስሕተት እንደ አዲስ ጥበብ ይቀበሉታልና።

አሮጌ መጽሐፍ በእጃችሁ ሲገባ እንዲህ አድርጉ፦ እጃችሁን ታጥባችሁ በደንብ አድርቁ፤ ገጹን በምራቅ አትግለጡ፤ ከፀሐይና ከርጥበት አርቁት፤ የተቀደደውን በሙጫ አታጣብቁት፤ ሙጫው ወረቀቱን ያበላሸዋልና። ከማን እንዳገኛችሁትና መቼ እንደ ሆነ በሌላ ወረቀት ጽፋችሁ ከእርሱ ጋራ አኑሩት።

ብረት የሚያነሣ ሰው ለራሱ ይበረታል፤ የወደቀ መጽሐፍ የሚያነሣ ሰው ግን ገና ላልተወለዱት ይበረታል። ስለዚህ ሰው የናቀውን ወረቀት ከመጣላችሁ በፊት አንድ ጊዜ አንብቡት።

ጥያቄ።
፩፤ የጕልበት መጽሔቶች ብርቅ የሆኑበት ሁለቱ ምክንያት ምንድር ነው?
፪፤ ደሎርም ከመጽሔት ያገኘው ትምህርት ወታደሮቹን እንዴት ጠቀማቸው?
፫፤ ስሕተት ያለበትን አሮጌ ጽሑፍ መጠበቅ ስለ ምን ያስፈልጋል?
፬፤ በቤታችሁ ካሉት ወረቀቶች ሊጠበቅ የሚገባው የትኛው ነው?