ከሬዞሉት እስከ ግሪስ ፊዮርድ፦ የአየር ርቀትን በእጅ ማስላት

በሰሜን ካናዳ፣ በኑናቩት ግዛት፣ ሬዞሉትና ግሪስ ፊዮርድ የሚባሉ ሁለት የኢኑዊት መንደሮች አሉ። የካናዳ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1953 ከኩቤክ ሰሜን የኢኑዊት ቤተሰቦችን በመርከብ ወደዚህ አመጣቸው። እንደሚለያዩ የተነገራቸው ባሕር ላይ ሳሉ ነው፤ ከፊሉ ሬዞሉት፣ ከፊሉ ግሪስ ፊዮርድ አካባቢ ወረደ። ይቅርታ የተጠየቁት እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ዛሬም በመካከላቸው የመኪና መንገድ የለም፤ ያለው ባሕር፣ በረዶና ሰው የማይኖርበት የዴቨን ደሴት ነው። ርቀቱን አጥርቶ ማወቅ የሚገባውም ለዚህ ነው።

ማስመሪያውን ካርታ ላይ አያሳርፉ። በየግድግዳው የሚሰቀለው የመርኬተር ካርታ ወደ ዋልታው በቀረበ መጠን መሬቱን ይለጥጣል፤ እዚህ አካባቢ ርዝመቱን አራት እጥፍ ያደርሰዋል። በምትኩ የቦታዎቹን መገኛ ይያዙ፦ ሬዞሉት 74.7 ዲግሪ ሰሜን፣ 94.8 ምዕራብ፤ ግሪስ ፊዮርድ 76.4 ሰሜን፣ 82.9 ምዕራብ።

መጀመሪያ ኬክሮሱን ይቀንሱ። ልዩነቱ 1.7 ዲግሪ ነው፤ አንዱ ዲግሪ የትም ቢሆን 111 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ 189 ኪሎ ሜትር ይመጣል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ኬንትሮሱ ላይ ነው። ልዩነቱ 11.9 ዲግሪ ነው። ይህንንም በ111 ካባዙት 1,321 ኪሎ ሜትር ያገኛሉ፤ ፍጹም ስሕተት ነው። የኬንትሮስ መስመሮች ዋልታው ላይ ስለሚገናኙ ወደ ሰሜን በሄዱ ቁጥር እየተቀራረቡ ይሄዳሉ። አዲስ አበባ ላይ አንዱ ዲግሪ 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እዚያ ግን በአማካይ 28 ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ የሁለቱን ኬክሮሶች አማካይ፣ 75.55ን ይውሰዱ። ካልኩሌተሩ በራዲያን ሳይሆን በዲግሪ እንደሚሠራ አረጋግጠው ኮሳይኑን ያውጡ፤ 0.2495 ይሰጥዎታል። በ111፣ ከዚያም በ11.9 ሲያባዙት 330 ኪሎ ሜትር ይሆናል።

ቀሪው የፓይታጎረስ ሥራ ነው። 189ንና 330ን እያንዳንዳቸውን በራሳቸው ያባዙ፣ ይደምሩ፣ ስኩዌር ሩቱን ይውሰዱ፦ 380 ኪሎ ሜትር። የምድርን ክብነት የሚያሰላው ሙሉ ቀመር ከዚህ የሚለየው በአንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ለመሰለ ረጅም መንገድ ግን ይህ አቋራጭ አይሠራም፤ ሙሉውን ቀመር ይጠቀሙ።

ርቀቱን ወደ ሰዓት ሲለውጡ ነፋሱን አይርሱ። እንደ ግሪስ ፊዮርድ ባለ አጭር የጠጠር ማረፊያ ላይ የሚያርፈው ትዊን ኦተር አውሮፕላን በሰዓት 270 ኪሎ ሜትር ቢበር ጉዞው 1 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ከፊት ሲገጥመው 1 ሰዓት ከ44 ደቂቃ ይሆናል። አቅጣጫውንም በማግኔት ኮምፓስ አይለኩ፤ በዚህ አካባቢ መርፌው አይታመንም፣ አብራሪዎቹም የሚመሩት በእውነተኛው ሰሜን ነው። ነዳጁንም ሲያሰሉ ግሪስ ፊዮርድ በተራራ የተከበበች መሆኗን ያስቡ፤ ጉም ከወረደባት አውሮፕላኑ ሳያርፍ 380ውን ኪሎ ሜትር መመለስ ይኖርበታል።