እግር፣ መንቁርና መኖሪያ፦ የአካል ጉዳት ያለበትን በቀቀን ተቀብሎ ስለ መንከባከብ

በቀቀን በሁለት እግሩና በመንቁሩ የሚኖር ወፍ ነው። የእግሩ ጣቶች ሁለቱ ወደ ፊት፣ ሁለቱ ወደ ኋላ የዞሩ ስለ ሆኑ ቅርንጫፍ ለመጨበጥም ሆነ ፍሬን ይዞ ወደ አፍ ለማድረስ ያገለግሉታል። መንቁሩም ከመስበርና ከመላጥ አልፎ ሽቅብ በሚወጣበት ጊዜ እንደ ሦስተኛ እግር ይሠራል። ይህ ዘይቤያዊ አነጋገር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ አንድ ጥናት ፊተ ቀይ የሆነችውን ትንሿን የአፍሪካ በቀቀን ቀጥ ብሎ በቆመ ገጽ ላይ ስትወጣ ለክቶ፣ በመንቁሯ የምታመነጨው ኃይል ከእግሮቿ ኃይል ጋር የሚመጣጠን ወይም ከዚያ የሚበልጥ መሆኑን አሳይቷል። በኢትዮጵያ ደጋማ ደኖች የምትገኘው ባለ ጥቁር ክንፏ ትንሽ በቀቀንም የዚሁ ወገን ናት።

ከዚህ የሚከተለው ነጥብ ለተንከባካቢው መሠረታዊ ነው። የአካል ጉዳት ያለበት በቀቀን ለአዲስ ቤት በሚቀርብበት ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ የሚቀድመው ርኅራኄ ነው፤ መቅደም ያለበት ግን ከሦስቱ መሣሪያዎች የትኛው እንደ ጎደለና የትኛው እንደ ቀረ ማወቅ ነው። አንድ እግሩን ያጣ ወፍ መንቁሩ ጤነኛ ከሆነ የሽቦ ቤቱን አግዳሚ ዘንጎች እየነከሰ ከቦታ ቦታ መዘዋወር ይችላል። ስለዚህ ዘንጎቹ ቀጥ ብለው ከቆሙበት ቤት ይልቅ አግድም የተዘረጉበት ቤት ይስማማዋል። በአንጻሩ መንቁሩ የተሰበረበት ወፍ ሁለት እግር እያለውም ለመውጣት ይቸገራልና መሰላልና ተዳፋት መረማመጃ ያስፈልገዋል።

የአንድ እግር መጥፋት ከሚታየው በላይ ነው። ቀሪው እግር መቆሚያ ስለሚሆን ምግብ ለመያዝ ሊነሣ አይችልም። በዚህም ምክንያት ፍሬውና አትክልቱ በትንንሹ ተከትፎ መቅረብ፣ ወይም ወፉ በመንቁሩ ብቻ እየቆረሰ እንዲበላ በማይነቃነቅ ነገር ላይ ተሰክቶ መቀመጥ አለበት። ከዚህም የከፋው የክብደት ጉዳይ ነው። መላው የሰውነት ክብደት ሌሊትና ቀን በአንድ መዳፍ ላይ ሲያርፍ ቆዳው ይሳሳል፣ ይቀላል፣ ኋላም ይቆስላል፤ ቁስሉ ካመረቀዘ እስከ ጅማትና አጥንት ሊደርስ ይችላል። ውፍረቱ ወጥ የሆነ ለስላሳ ክብ እንጨት ይህን ያፋጥነዋል፣ ጫናው ሁልጊዜ በአንድ ነጥብ ላይ ስለሚያርፍ። ውፍረታቸው የተለያየ የተፈጥሮ ቅርንጫፎች፣ በጨርቅ የተሸፈነ ማረፊያና ወፉ በደረቱ ተኝቶ የሚያርፍበት ጠፍጣፋ መደብ ጫናውን ያከፋፍላሉ። ዘር ብቻ የሚመገብ ወፍ ቫይታሚን ኤ ስለሚያንሰው ቆዳው በቀላሉ ይጎዳል፤ ከመጠን በላይ የወፈረም በዚያችው መዳፍ ላይ ሸክም ይጨምራል። ስለሆነም የእግር ቁስል ሕክምና ከመኖ ሳሕኑ ይጀምራል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የመንቁር ጉዳትን በተመለከተ በሚገባ የተጠናው ምሳሌ ከኒው ዚላንድ የመጣ ነው። ብሩስ የተባለው ኪያ፣ ማለትም የደቡብ ደሴት ተራሮች በቀቀን፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ገና ጫጩትነቱን ሳይጨርስ የላይኛው መንቁሩ ጠፍቶ ተገኝቶ በክራይስትቸርች በሚገኘው ዊሎባንክ የዱር እንስሳት መጠበቂያ እንዲኖር ተደርጓል። ኪያ በሕግ የተጠበቀ ወፍ በመሆኑ ብሩስ የቤት እንስሳ አይደለም፤ ትምህርቱ ግን ለቤትም ይደርሳል። የላይኛው መንቁር የሌለው ወፍ ላባውን መንቀስና ማጽዳት አይችልም። በ2021 (እ.ኤ.አ.) የታተመው የአማሊያ ባስቶስና የባልደረቦቿ ጥናት እንደሚያስረዳው፣ ብሩስ ጠጠር በምላሱና በታችኛው መንቁሩ መካከል ይዞ ላባውን በዚያ ይፈትጋል። ጠጠር ካነሣባቸው ጊዜያት ከ90 በመቶ በላይ በሆኑት ላባውን አጽድቶበታል፤ ጠጠሩ ከወደቀባቸው ጊዜያት በ95 በመቶው ያንኑ አንሥቶ ወይም በሌላ ተክቶ ሥራውን ቀጥሏል። የሚመርጠውም የተወሰነ መጠን ያለውን ጠጠር ነበር። አብረውት ከሚኖሩት ኪያዎች መካከል ጠጠርን ለዚህ አገልግሎት ያዋለ አልታየም።

ብሩስ አንድ ወፍ ብቻ ነው፤ ኪያም በተፈጥሮው ዕቃ በመነካካት የታወቀ ዝርያ ስለሆነ ከእርሱ ተነሥቶ ስለ በቀቀኖች ሁሉ መደምደም አይቻልም። ይሁን እንጂ አንድ ነገር አይካድም፦ በአካባቢው ጠጠር ባይኖር ኖሮ መፍትሔውም ባልኖረ። ብዙ ተንከባካቢዎች ጉዳተኛውን ወፍ ከአደጋ ለመጠበቅ ሲሉ ቤቱን ባዶ ያደርጉታል፤ ወለሉን በፎጣ ይሸፍናሉ፣ መጫወቻውን ያወጣሉ፣ ምግቡንም በእጃቸው ያጎርሱታል። የፎጣው ነገር ትክክል ነው፤ ሚዛኑን መጠበቅ የሚሳነው ወፍ ወድቆ የደረት አጥንቱን ሊሰብር ይችላልና ማረፊያዎቹም ዝቅ ማለት አለባቸው። የቀረው ግን ወፉ ሊሠራ የሚችለውን የሚነጥቅ ጥበቃ ነው። ራሱ መብላት የሚችል ወፍ በእጅ ሲጎርስ የሚያተርፈው ጥገኝነትን ብቻ ነው።

ተቀባዩ ከመወሰኑ በፊት በአእዋፍ ሕክምና ልምድ ባለው ሐኪም ዘንድ ምርመራ ማስደረግ ይኖርበታል፤ ላባው የተመለጠ ወይም መንቁሩ የተበላሸ ወፍ አደጋ የደረሰበት ሳይሆን የመንቁርና የላባ ቫይረስ የያዘው ሊሆን ይችላልና። ቤት ውስጥ ሌሎች በቀቀኖች ካሉ ውጤቱ እስኪታወቅ ድረስ ለይቶ ማቆየት ግድ ነው። እግሩ ወደ ጎን የተንሻፈፈ ጫጩት አጥንቱ ሳይጠነክር በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እግሮቹን አቀራርቦ በማሰር ሊስተካከል ይችላል፤ ያ ጊዜ ካለፈ የሚለወጠው መኖሪያው እንጂ እግሩ አይደለም። ግራጫው የአፍሪካ በቀቀን በእንክብካቤ ሥር ከ40 ዓመት በላይ ሊኖር ስለሚችል፣ ከተቀባዩ በኋላ ወፉን ማን እንደሚረከብም አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል።

ከሁሉ የሚከብደው ወፉ እየተሠቃየ እንደሆነ ማወቅ ነው፤ አእዋፍ ሕመማቸውን ይደብቃሉና። ስለዚህ ወፉ በየጠዋቱ ከመብላቱ በፊት በግራም በሚለካ ሚዛን ተመዝኖ ክብደቱ ይመዘገባል። ከተለመደው ክብደት አንድ አሥረኛው ከጎደለ ነገ ሳይባል ወደ ሐኪም መወሰድ አለበት። ክብደቱ ሳይጎድል የሚበላ፣ የሚወጣና ላባውን የሚንከባከብ ወፍን በጉዳቱ ብቻ ከሥቃይ ለመገላገል ተብሎ እንዲሞት መወሰን ተገቢ አይሆንም። ሕመሙ በመድኃኒት የማይታገሥ፣ ቁስሉ እየተመላለሰ የማይድን፣ ከማረፊያው የማይነቃነቅ ሲሆን ግን ውሳኔውን ማዘግየት የተንከባካቢውን ኀዘን እንጂ የወፉን ሕይወት አያራዝምም፤ ይህም ከሐኪሙ ጋር ወፉ ገና ደኅና ሳለ ሊመከርበት የሚገባ ነው።