የሥራ መቀዝቀዣ ወራትን ቀድሞ ማየት፦ ለወሊድ አጋዦችና አራስ ለሚያርሱ ሴቶች

ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ እስከ እንጦጦ ማርያም ባሉት መንደሮች ነፍሰ ጡርን በምጥ ማገዝንና አራስ ማረስን መተዳደሪያዋ ያደረገች ሴት ሥራ ሲጠፋባት ክረምቱን ወይም የኑሮ ውድነቱን መውቀስ ይቀናታል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ዋናው ችግር ግን ቀድሞ አለማየት ነው። ባለሱቅ ነገ ማን እንደሚመጣበት አያውቅም፤ በዚህ ሥራ ግን የደንበኛዋ ቀን ከስድስትና ከሰባት ወር በፊት የሚታወቅ ነው። ስለዚህ ሥራ የሚጠፋበት ወር ዱብ ዕዳ ሊሆን አይገባም። ከዚህ በታች የምዘረዝረው አሠራር ሁሉ የሚነሣው ከዚሁ ነው።

መጀመሪያ አንድ ደብተር ይግዙና ለእያንዳንዱ ወር አንድ ገጽ ይስጡ። ስለ አገልግሎትዎ የጠየቀችዎትን ነፍሰ ጡር ሁሉ፣ ቀብድ ባትከፍልም፣ በምትወልድበት ወር ገጽ ላይ ይመዝግቡ። ቀኑ ከጤና ጣቢያ ካርዷ ላይ ይገኛል፤ ካልተገኘ የመጨረሻ የወር አበባዋ የጀመረበትን ቀን ጠይቀው ዘጠኝ ወር ከዐሥር ቀን ይደምሩ። መካከል ላይ ጳጉሜን ካለች ከዐሥሩ ቀን የጳጉሜንን ቀኖች ይቀንሱ። መስከረም 1 ያየች ሴት ቀኗ ሰኔ 11 ላይ ይውላል፤ ጥር 1 ያየች ደግሞ ጳጉሜን አምስት ቀን በሆነችበት ዓመት ጥቅምት 6። በተባለው ቀን የምትወልደው ከሃያ ሴቶች አንዷ ገደማ ብቻ ስለሆነች፣ ከቀኑ በፊት ሦስት ሳምንት፣ ከቀኑ በኋላ ሁለት ሳምንት አስፍተው ያስምሩ። ይህን የያዘ ሰው የካቲት ላይ ሆኖ የሐምሌ ገጽ ባዶ መሆኑን ያያል። የጥር ሰርግ በጥቅምት ወሊድ ያበዛል ብሎ መገመት ይቻላል፤ ከግምት ይልቅ ግን የሁለት ዓመት ደብተርዎን ይመኑ።

ባዶውን ገጽ አዲስ ደንበኛ በማሳደድ ብቻ እሞላለሁ ማለት አያዋጣም። በ2016 እ.ኤ.አ. የተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው አዲስ አበባ ውስጥ አንዲት ሴት በዕድሜዋ የምትወልደው በአማካይ 1.8 ልጅ ነው። ዛሬ ያገዟት እናት ተመልሳ የምትፈልግዎት ከዓመታት በኋላ ነው፤ ያም ከፈለገችዎት። በዚያው ጥናት ከከተማዋ ወሊድ 97 ከመቶው የተፈጸመው በጤና ተቋም ነው፤ በመንግሥት ተቋም ደግሞ የወሊድ አገልግሎት በነፃ ነው። የምጡን ቀን ብቻ የሚሸጥ ሰው ገበያው የአንድ ቀን ነው፣ ያውም ዋናው ሥራ በአዋላጇ እጅ በሆነበት ቀን። ሰፊው ሥራ ያለው ከዚያ በኋላ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእናት ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ ሲሰጥ ለአባት የሰጠው ሦስት ቀን ነው። በአራተኛው ቀን ባል ሥራ ይገባል፤ ጡቱ ያልያዘለት ሕፃንና እንቅልፍ ያጣች እናት ቤት ይቀራሉ። ስለዚህ አገልግሎትዎን በአራት ከፍለው ዋጋ ያውጡለት፦ ከወሊድ በፊት ዝግጅት፣ የምጡ ቀን፣ የመጀመሪያዎቹ ዐሥር ቀኖች፣ ከዚያም እስከ ክርስትና ድረስ በሳምንት የተወሰነ ጉብኝት። ሰኔ 11 ሴት ልጅ የወለደች እናት ሰማንያ ቀኗ የሚሞላው በነሐሴ መጨረሻ ነው። አንድ የሰኔ ደንበኛ ክረምቱን ሙሉ ሥራ ሆነችልዎት ማለት ነው።

«እናትና ጎረቤት እያሉ ለማረስ ማን ይከፍላል?» የሚል ጥያቄ ይነሣል፤ ተገቢ ጥያቄም ነው። እናቷ በቅርብ ያለች፣ ጎረቤቷ ገንፎ ይዞ የሚገባላት ሴት ደንበኛዎ አይደለችም፤ አይጫኗት። ወላጆቿ ክፍለ ሀገር የቀሩባት፣ ኮንዶሚኒየም ገብታ ጎረቤቷን በቅጡ ያላወቀች ሴት ግን በዚህ ከተማ ብዙ ናት። ለእሷም ቢሆን ገንፎና አጥሚት ማብሰል ብቻውን አይበቃም። እንገሩ ሳይደፋ ሕፃኑ እንዲጠባ ማገዝ፣ ቅቤም ሆነ ውኃ እንዳይሰጠው ማስረዳት፣ እንጦጦ ቅዝቃዜ ላይ ሕፃኑን ከእናቱ ገላ ጋር አጣብቆ ማሞቅ፣ ብዙ ደም፣ ትኩሳት ወይም ብርቱ ራስ ምታት ሲታይ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም መላክ፤ ክፍያ የሚያስገኘው ይህ እውቀት ነው። በምጥ ጊዜ ከእናቲቱ አጠገብ ስለመቆምም ማስረጃ አለ። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው የኮክሬን ግምገማ ከ15,000 በላይ ሴቶች የተሳተፉባቸውን 26 ጥናቶች መርምሮ፣ ሳይቋረጥ የሚያግዛት ሰው አጠገቧ ያለች ሴት በምጥ የመውለድ ዕድሏ እንደሚጨምር፣ ምጧም እንደሚያጥር አሳይቷል። ሆኖም ማዋለጃ ክፍል የሚያስገባዎት ተቋሙ ነው፤ ሳይጠይቁ ቃል አይግቡ።

ገንዘቡ ላይ ጠንከር ማለት ያስፈልጋል። ሲመዘገቡ ቀብድ ይቀበሉ፣ ቀሪውን በየምዕራፉ ያስከፍሉ፤ ከእያንዳንዱ ክፍያ ላይም የተወሰነ እጅ ለባዶው ወር በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ያስገቡ። ዕቁብ ያስቆጥባል የሚሉ አሉ፤ ልክ ናቸው። ግን ዕቁብ በየዙሩ እኩል ይጠይቃል፣ የእርስዎ ገቢ ደግሞ እኩል አይደለም። በደህናው ወር አቅም የተገባ ትልቅ ዕቁብ በባዶው ወር ብድር ያስገባል። ከገቡም በዝቅተኛ ወርዎ ሊከፍሉት በሚችሉት መጠን ይግቡ፤ ዕጣው ቀድሞ ከወጣልዎትም ክረምት ላይ ከሚደርሰው ሰው ጋር ይቀያየሩ። ዋጋ መቀነስንም አልመክርም። ሐምሌ ላይ የወረደ ዋጋ ጥቅምት ላይ አይመለስም፣ ወሬው ቀድሞ ይሰማልና። አቅም ላነሳት የጉብኝቱን ቁጥር ይቀንሱላት፤ የአንዱ ጉብኝት ዋጋ ግን እንዳለ ይቆይ።

ባዶው ወር ሲደርስ ሥራው ለሚመጡት ገጾች መዝራት ነው። ማርያም በየወሩ በ21 ስትታሰብ እንጦጦ ብዙ ነፍሰ ጡር ትወጣለች፤ ግን ለስለት የመጣችን ሴት ደጀ ሰላም ላይ በማስታወቂያ ወረቀት ማስቸገር ነውር ነው፣ ገበያም አያመጣም። በማኅበርና በዕድር ሴቶች፣ በጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች፣ ሽሮ ሜዳ ላይ የክርስትና ልብስ በሚሸጡ ነጋዴዎች በኩል መታወቅ ይሻላል። ለአዋላጅ ኮሚሽን መክፈል ግን አይገባም፤ እናቲቱ የምትተማመንበትን ምክር በገንዘብ ያበላሸዋል። አጃና ገብሱን አስፈጭተው የአጥሚትና የገንፎ ዱቄት በኪሎ ያዘጋጁ፤ ነፍሰ ጡሮች ከመውለዳቸው በፊት ይገዙታል። ከእንጦጦ ጫካ እንጨት ተሸክመው ለሚያድሩ ነፍሰ ጡሮች ደግሞ በሳምንት አንድ ቀን በነፃ ስለ አደጋ ምልክቶችና ስለ ጡት ማጥባት ያስተምሩ። እነሱ መክፈል ባይችሉም ሸክሙን መቼ ማቆም እንዳለባቸው የሚነግራቸው ሰው ከማንም በላይ ያስፈልጋቸዋል። ክረምት ከመግባቱ በፊትም በሐምሌ ዝናብና ጉም ሌሊት ስልክ የሚያነሣ፣ ዋጋው አስቀድሞ የተቆረጠ ሁለት ባለ መኪና ይያዙ፤ ቁጥራቸውን ደብተሩ ሽፋን ላይ ይጻፉ፣ ለእያንዳንዷ ደንበኛም ይስጡ።