ለወንድ ልጅ ስም ስለ ማውጣት

ስም የተሰየመለትን ነገር ከሌላው ለይቶ የሚያሳውቅ ምልክት ነው። የሰው ስም ግን ከዚህ የበለጠ ነገር አለበት፤ ሰው በስሙ ይጠራል፣ በስሙ ይጸለይለታል፣ ከዚህ ዓለም በተለየም ጊዜ በስሙ ይታሰባል። ሕፃኑ ግን ስሙን ራሱ አይመርጥም፤ ወላጆቹ የመረጡለትን ዕድሜውን ሁሉ ይዞት ይኖራል። ስለዚህ ስም ማውጣት ቀላል መስሎ የሚታይ፣ ነገር ግን ብርቱ አደራ ነው።

በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ወንድ ልጅ በተወለደ በ40 ቀን፣ ሴት ልጅ በተወለደች በ80 ቀን ይጠመቃሉ። ይህም በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 12 ከተጻፈው የመንጻት ወራት ጋር የሚስማማ ነው፤ መጽሐፈ ኩፋሌም አዳም በ40 ቀን፣ ሔዋን በ80 ቀን ወደ ገነት መግባታቸውን ይናገራል። በዚያም ቀን ሕፃኑ የክርስትና ስም ይሰጠዋል። ገብረ፣ ወልደ፣ ኃይለ፣ ኀብተ እያልን ከሥላሴ፣ ከእመቤታችን፣ ከመላእክትና ከጻድቃን ስም ጋር የምናናብበው ይህ ስም ሕፃኑ የማን ወገን እንደ ሆነ የሚመሰክር ነው። የዓለም ስም የሚባለውን ግን ወላጆች በቤታቸው ያወጡታል፤ ክርክርም አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው በዚህኛው ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ባልና ሚስት በዚሁ ነገር ተጣልተው ወደ እኛ መጡ። የበኵር ልጃቸው ክርስትና ከተነሣ በኋላ ዓመት ሳይሞላው ዐርፎባቸው ነበር። ከዚያ በኋላ ሌላ ወንድ ልጅ ተወለደላቸው። እናቲቱ «ምትኩ ይባልልኝ» አለች፤ አባትየው «ተስፋዬ ይባል» አለ። የክርስትናው ቀን አንድ ሳምንት ሲቀረው ሕፃኑ ገና ስም አልወጣለትም፤ በቤቱ ማሙሽ ብቻ ይባል ነበር። ሁለቱም «አባታችን፣ ይፍረዱን» አሉን።

ምክንያታቸውን ብንጠይቃቸው እናቲቱ «የሞተው ልጄ በዚህ ቤት እንዳልነበረ ሆኖ እንዲቀር አልፈልግም» አለች። አባትየውም «ልጄን በጠራሁት ቍጥር መቃብር እንዲታየኝ አልፈልግም» አለ። ከሁለቱ ስሞች አንዱ ክፉ፣ አንዱ በጎ ቢሆን ፍርዱ ባልከበደን ነበር። ነገር ግን ሁለቱም መልካሞች ናቸው፤ ሁለቱም ከፍቅር የወጡ ናቸው። ከሁለት በጎ ነገር አንዱን መምረጥ ደግሞ ማስተዋልን ይጠይቃል።

እኛም ከመፍረዳችን በፊት ወደ መጻሕፍት መለስናቸው። ቃየል አቤልን ከገደለው በኋላ ሔዋን ወንድ ልጅ በወለደች ጊዜ፣ እግዚአብሔር በአቤል ፈንታ ሌላ ዘር እንደ ተካላት ተናግራ ስሙን ሴት ብላ ሰየመችው (ዘፍ. 4፥25)። እንግዲህ ምትክነትን የሚያሳስብ ስም ከጥንት የነበረ ነው፤ ነቀፌታ የለበትም።

ዳግመኛም ራሔል ወደ ኤፍራታ በሚወስደው መንገድ በምጥ ተጨንቃ፣ ነፍሷ ልትወጣ ስትል የወለደችውን ልጅ ቤንኦኒ፣ ማለት የኀዘኔ ልጅ አለችው። ያዕቆብ ግን ብንያም፣ ማለት የቀኝ እጅ ልጅ ብሎ ጠራው (ዘፍ. 35፥18)። ያዕቆብ ይህን ማድረጉ ራሔልን ስለ ናቀ አይደለም፤ 14 ዓመት የተገዛላት ሚስቱ ናትና። በመቃብሯም ላይ ሐውልት አቆመላት። ኀዘኑን በሐውልቱ ላይ አኖረው እንጂ በሕፃኑ ላይ አልጫነውም።

እነዚህን ሁለት ታሪኮች አስተያይቶ ለሚመለከት ሰው ትምህርቱ ግልጥ ነው። ሔዋንም ራሔልም ኀዘንተኞች ነበሩ፤ ነገር ግን ሔዋን በልጇ ስም የሰጣትን አሰበች፣ ራሔል ግን ሕመሟን አሰበች። ስለዚህ ምትኩ ወይም ካሣ የሚል ስም ራሱ በጎም ክፉም አይደለም፤ የሚለየው ወላጆች ሲያወጡት ፊታቸውን ወዴት እንዳቀኑ ነው። ሕፃን የራሱ ነፍስ ያለው ፍጥረት ነው እንጂ የሌላ ሰው ዋጋ ሆኖ የተከፈለ አይደለም።

ይህን ከነገርናቸው በኋላ «ልጃችሁ አድጎ ስሜን ለምን እንዲህ አላችሁት ብሎ ቢጠይቃችሁ ምን ትመልሱለታላችሁ?» አልናቸው። ዝም አሉ። ጥቂት ቈይተን «የሞተውስ ልጃችሁ የክርስትና ስሙ ማን ነበር?» ብለን ጠየቅን። እናቲቱ ወዲያው ተናገረች። አባትየው ግን አንገቱን ደፋ፤ ረስቶት ነበርና። ከዚያም አለቀሰ። ልጁ ከተቀበረ ጀምሮ ሲያለቅስ አይታው እንደማታውቅ ሚስቱ በኋላ ነገረችን። እርሷም እንባውን ባየች ጊዜ «ተስፋዬ ይባል፤ ያንን ልጅ አብረን ካሰብነው ለኔ ይበቃኛል» አለች። ክርክራቸው ስለ ስም ይመስላቸው ነበር፤ ለካ ኀዘናቸውን ለየብቻቸው ተሸክመው ኖረው ነው። በክርስትናውም ቀን አባትየው የሁለቱን ልጆች የክርስትና ስም በአንድ ወረቀት ጽፎ በጸሎት መጽሐፉ ውስጥ አኖረው።

በዚህ ነገር የዘካርያስንና የኤልሳቤጥን ቤት ማስታወስ ይገባል። ጎረቤቶችና ዘመዶች ሕፃኑ በአባቱ ስም ዘካርያስ እንዲባል ፈለጉ፤ እናቱ ግን ዮሐንስ እንዲባል አለች። ዘካርያስ የሚለው ስም ክፉ ሆኖ አይደለም፤ በአባት ወይም በአያት ስም መሰየምም ነውር የለበትም። ነገር ግን ስሙ አስቀድሞ በመልአኩ ተነግሮ ነበርና ዘካርያስ ሰሌዳ ለምኖ ያንኑ ስም ጻፈ። አንደበቱም ያን ጊዜ ተፈታ (ሉቃ. 1፥57-64)። የአባቱ አፍ የተከፈተው ለእግዚአብሔር ቃል ታዝዞ ከሚስቱ ጋር በአንድ ስም በተስማማ ጊዜ መሆኑን ባለትዳሮች ልብ ይበሉ። ዘመድ ይመክራል እንጂ በወላጆች መካከል ገብቶ አይከፍልም።

ከዚህ ጋር ልናስጠነቅቀው የሚገባን አንድ ነገር አለ። አንዳንዶች የሕፃኑንና የእናቱን ስም ፊደል አስቈጥረው «ይህ ስም ይስማማዋል፣ ያ ስም አይስማማውም» የሚሉ ኮከብ ቈጣሪዎችን ይከተላሉ። ይህ ከክርስቲያን የማይጠበቅ ነው። ስም ዕድልን አያስርም። ያቤጽን እናቱ በጣር ስለ ወለደችው በጣሯ ስም ሰየመችው፤ እርሱ ግን እግዚአብሔር እንዲባርከውና ከክፉ እንዲጠብቀው ለመነ፣ እግዚአብሔርም የለመነውን ሰጠው (1ኛ ዜና መዋ. 4፥9-10)። እንግዲህ አስቀድሞ የኀዘን ስም የወጣለት ሁሉ አይጨነቅ፤ ከስሙ በላይ ጸሎት አለና።

የዓለሙ ስም ከተወሰነ በኋላም የክርስትናው ስም ሊረሳ አይገባም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. ዘውድ ሲጭኑ ተፈሪ የሚለውን ስም ትተው በክርስትና ስማቸው ነግሠዋል። ዛሬ ግን ብዙ ሰው የገዛ ልጁን የክርስትና ስም አያውቅም። በቀብር ቀን ካህናት ለፍትሐት ስመ ክርስትናውን ሲጠይቁ ልጆችና ዘመዶች እርስ በርሳቸው ሲተያዩ ብዙ ጊዜ አይተናል። ያን ጊዜ ማዘን የረፈደ ኀዘን ነው።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ የልጃችሁን ስም ከመወሰናችሁ በፊት አብራችሁ ጸልዩ፤ ልጁ ሲያድግ ያለ ኀፍረት ልትተረጕሙለት የምትችሉትን ስም ምረጡ፤ የክርስትና ስሙንም ጽፋችሁ አኑሩ፣ ለልጁም አስተምሩት። የንስሓ አባቶችም ክርስትና ሲያነሡ ይህንን ማሳሰብን አይርሱ። ስማችንን ሁሉ በሕይወት መጽሐፍ ይጻፍልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።